ዶሮው የጮኸበት ዘፈን

ጥር 6

ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ። አንድ ዚፕ ቀየርኩ። የጎረቤቴ መጋረጃ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ... ክር አለቀ።

አዲስ ስልክ አለኝ። ልጄ ናት የገዛችልኝ። አሮጌው ስልኬ ልብስ የዘፈዘፍኩበት ውሃ ውስጥ ገብቶ አረፈ። ነፍሱን ይማር፤ ከነዘፈኔ ነው የሞተው።

አሥር ሰዓት ላይ ሻይ አፍልቼ የስፌት መኪናዬን ከደንኩ። አሥር ሰዓት የኔ ሰው ሰዓት ነው። ከሞተ ስድስት ዓመቱ፤ ግን በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከች ይላል። በሕይወቱ አንድም ቀን በሰዓቱ መጥቶ የማያውቅ ሰው! አዲሱን ስልክ ከፈትኩ፣ ዘፈኑን ከኢንተርኔት አወረድኩ፣ ሰማሁት።

የራሴ ዘፈን ነው። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት አንዲት ዘፈን ዘፍኜ ነበር። አንዲት ብቻ። የኔ ሰው ሳክስፎኑን ነፋ። ያኔ ገና እጮኛዬ ነበር። ካሴቱ አልተሸጠም፤ እኔ ወደ ስፌቴ፣ እሱ ወደ ሌሎች ሰዎች ሠርግ ተመለስን። እቤት የነበረውን ካሴት ገና ማጫወቻ ሳይኖረኝ አንዲት ዘመዴ ተውሳ ወሰደችው። ካሴቱም ዘመድነቱም አልተመለሰም። አሁን በዓለም ላይ ያለው ቅጂ አንድ ነው፦ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ዘፈኑን ከሬዲዮ ቀድቶት ኖሮ፣ በኋላ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ማንም የሚያወርደው እሱን ነው። እኔም ጭምር።

ችግሩ... ዶሮው ነው። ሰውየው ቴፑን ሬዲዮው አጠገብ አስቀምጦ ሲቀዳ ግቢው ውስጥ አውራ ዶሮ ነበር። እኔ ዘፈኑ ጫፍ ላይ ያለችው ረጅም ድምፅ ላይ፣ በሕይወቴ የምኮራባት ብቸኛ ድምፅ ላይ ስደርስ፣ ኩኩሉሉ! ይላል። አንዲት ሴት ደግሞ «እሽ! ሂድ ከዚህ!» ትለዋለች። ወዲያው የኔ ሰው ሳክስፎን ይገባል። ሲገባ ይስቃል። አዎ፣ ሳክስፎኑ ውስጥ ይስቃል፤ ድምፁ እንደ ሆድ ይርገበገባል።

«ለምን ነበር የሳቅከው?» እያልኩ ሃያ አምስት ዓመት ጠየቅኩት።

«ደስ ብሎኝ።»

ያቺን ሳቅ ለመስማት ነው ዶሮውን የምታገሠው።

ጥር 9

ሜሞሪ ጋ ሄድኩ። መንገዱ ማዶ ስልክ የሚጠግነው፣ ዘፈንና ፊልም የሚጭነው ሰውዬ። እውነተኛ ስሙን እናቱ ብቻ ሳታውቅ አትቀርም። አርባ ዓመት አልፎታል፤ ሱቁ እንደ ቁም ሳጥን ጠባብ ናት፤ አንድ ደንበኛ ሲገባ ሌላው ትንፋሹን መያዝ አለበት።

«ይሄን ዶሮ አውጣልኝ» አልኩት።

መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «እትዬ፣ ዶሮው እኮ እርስዎ ላይ ነው የቆመው። እሱን ስጎትት እርስዎም ተከትለው ይመጣሉ።»

«አዲስ ፕሮግራም አለ ሲሉ ሰማሁ።»

«አለ። ጊዜ ይስጡኝ። ሱቄን እስኪዘጉት ድረስ ማለቴ ነው።»

ምን ሆነህ? ስለው ጋዜጣ አወጣ። አዲስ ረቂቅ አዋጅ። ያለ ፈቃድ ከኢንተርኔት ማውረድ ሊከለከል ነው። ሦስት ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ የቤቱ መስመር ይቆረጣል። ማረጋገጫ ወረቀት የሌለው ዘፈንና ፊልም ሁሉ ካለበት ይሰረዛል። የሚያወርዱበት ገጽ ይዘጋል። እንደ ሜሞሪ ያለ ሰው ደግሞ ለጥገና የመጣለትን ስልክ ሁሉ ከፍቶ ወረቀት የሌለውን እንዲሰርዝ ይገደዳል።

«ጥሩ ነዋ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «የሚመለከተው ሌቦችን ነው።»

«ሌቦችን» አለ። ስልኬን አየ። እኔን አየ። ደግሞ ስልኬን አየ።

ምን ያፈጣል?

ጥር 14

ሌባ ሆንኩ። በማኅተም።

ልጄ የኢንተርኔቱ መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው። «የማስጠንቀቂያ ክፍል» የሚባል አዲስ ክፍል ተከፍቶ እዚያ መደቧት። አዋጁ ገና አልወጣም፤ ሙከራው ግን ቀድሞት ወጥቷል። ዛሬ ጠዋት ማተሚያው እየተፋ የሚያወጣውን ደብዳቤ ስታጥፍ፣ ስታጥፍ... የቤታችንን አድራሻ አጠፈች።

ማታ ራት ላይ አወጣችው። ቆማ አነበበችልኝ፦ «ክቡር ደንበኛችን፤ ጥር 6 ቀን ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ ባለቤትነቱ የሌላ ሰው የሆነ የሙዚቃ ሥራ ያለ ፈቃድ ማውረድዎ ተደርሶበታል...»

«የሌላ ሰው? እኔ እኮ ነኝ የዘፈንኩት!»

«እማዬ፣ እኔ አይደለሁም የጻፍኩት።»

«ከታች የፈረመችው ማን ናት ታዲያ?»

ልጄ ናት የፈረመችው። ፊርማዋ እንዴት እንደሚያምር! ትምህርት ቤት የከፈልኩት ለዚህ ነበር።

ወረቀቱ ወፍራምና ጥሩ ነው። የኪስ ልክ ቆረጥኩበት።

ጥር 15

ማስጠንቀቂያው በስልኬም መጣ። «ያወረዱት ሥራ የሚከተለው ነው» ይልና ከሥሩ ሰማያዊ መስመር አለ። ምን ይሆን ብዬ ነካሁት።

ወረደ።

ጥር 17

ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ።

ልጄ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። «እማዬ... የማስጠንቀቂያውን መልእክት ነክቶ ያወረደ የመጀመሪያው ደንበኛ አንቺ ነሽ። ስብሰባ ተጠራብሽ።»

«ታዲያ ለምን ሰማያዊ ቀለም ቀባችሁት? ሰማያዊ ሲያይ የማይነካ አለ?»

«አንድ ነው የቀረሽ። ሦስተኛው ከመጣ መስመሩ ይቆረጣል። የምፈርመው ደግሞ እኔ ነኝ። አይተሽ አይተሽ ከሥራ ታስወጪኛለሽ!»

እስከዚያ ድረስ አላሰብኩትም ነበር። የሷን ነገር ማለቴ ነው። የዘፈኑንም። አዋጁ ከወጣ ስልኬ በተበላሸ ቁጥር... ይሰረዛል። ገጹም ይዘጋል። ከዚያ ያ ሳቅ የት ይገኛል? የትም።

ይህንን ለማን አቤት ይባላል? ሌባ አቤት ይላል እንዴ?

ጥር 20

የድምፃውያን ማኅበር ሊቀመንበር ደወለ። «አንጋፋዋ አርቲስት!» አለኝ። ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ።

ጥር 22

ሊቀመንበሩ ቤቴ መጣ። ሽቶው ቀደመው። ካፖርቱን የምሰቅልበት ስላጣሁ የስፌቱ አሻንጉሊት ላይ ሰቀልኩት፤ ከሱ ይልቅ በሷ ያምራል።

ነገሩ ይህ ነው፦ የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ አዋጁን ለመመርመር የሕዝብ አስተያየት ሊሰማ ነው። ማኅበሩ አዋጁን ይደግፋል። ምስክር ይፈልጋል። ተጎጂ።

«ሥራዎ በየስልኩ ነው ያለው፣ እናታችን። ሕዝብ ዘርፎዎታል።»

«በየስልኩ አለ?» ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

«በጣም ያሳዝናል።»

«በጣም» አልኩ። ፈገግታዬን በሻይ ስኒ ሸፈንኩት።

ልብሴን ከላይ እስከ ታች አየው። ለመድረኩ ትንሽ... ዝቅ ያለ ነገር ብለብስ ይሻላል አለ። የተጎዳ ሰው የሚመስል። እንዲህ ያለ ልብስ የለኝም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ። መስፋት ሊኖርብኝ ነው።

ስለ ማስጠንቀቂያዎቹ አልነገርኩትም። ሲወጣም «አንጋፋዋ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር... ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያቺን ቃል ማንም አላለኝም። እሺ አልኩት። ማን እንቢ ይላል?

ደግሞስ? ምናልባት አዋጁ ዘፈኔን ይመልስልኝ ይሆናል። የኔን የግሌን ወረቀት ይሰጡኝና አሥር ሰዓት ላይ በሕግ እሰማዋለሁ።

ጥር 27

ወረቀቱን ፍለጋ ወራሹ ጋ ሄድኩ። ወራሹ ካሴቴን ያሳተመው የሙዚቃ ቤት ባለቤት ልጅ ነው። አባቱ ሞቷል፤ ሙዚቃ ቤቱ ያው ቦታው ላይ ነው፣ ግን አሁን የእጅ መታጠቢያና የሽንት ቤት መቀመጫ ይሸጥበታል። ነጭ በነጭ። ዱሮ ማይክራፎኑ የቆመበት ቦታ ላይ ትልቅ ገንዳ ተጋድሟል።

«ዋናው ቴፕ?» አለ ጥርሱን እየነካካ። «ኦ... እሱ እኮ የለም።»

«የት ሄደ?»

«ያኔ ቴፕ ውድ ነበር፤ ያውቃሉ። አባዬ ያልተሸጡትን ዘፈኖች ላያቸው ላይ ሌላ ነገር ይቀዳባቸው ነበር። የርስዎ... ቆይ እስቲ... የርስዎ ላይ የእህቴ ሠርግ ነው ያለው።»

አውቃለሁ ቴፕ ውድ እንደነበር። ዘፈኑን አንዴ ብቻ ነው ያስቀዱን። አባቱ «አንድ ጊዜ ብቻ! ብትሳሳቱም ወደፊት!» እያለ ጣቱን ያወዛውዝ ነበር።

«እህትህ ደህና ናት?» አልኩት።

«ተፋታች።»

ስለዚህ ቴፑ ለእህቱ ሠርግም ለኔ ዘፈንም አልሆነ።

«በል እንግዲያው ወረቀት ስጠኝ፤ ዘፈኑ የኔ ነው የሚል።»

ቀጥ አለ። «አይ፣ መብቱ እንኳን የእኛ ነው። ውል አለ።» መሳቢያ ከፍቶ የኔን ፊርማ አሳየኝ። የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ፊርማ፤ ጭራዋ እስከ ወረቀቱ ጫፍ ይሮጣል። «ዘፈኑ የለንም። መብቱ ግን አለን።»

ያለውን ነገር መያዝ የምከለከለው እኔ ነኝ፣ የሌለው ነገር ባለቤት ደግሞ ይሄ ገንዳ ሻጭ። ረቂቁን ሦስት ጊዜ አንብቤው አልገባኝም ነበር። እዚያ ሽንት ቤት መቀመጫ ላይ ቁጭ ብዬ (ለናሙና የቀረበ ነው፣ ንጹሕ ነው) ቁልጭ ብሎ ገባኝ።

የካቲት 1

ለሊቀመንበሩ ደወልኩ። አልመሰክርም አልኩት። ዘፈኑ ያለው የተሰረቀው ቅጂ ብቻ ነው፤ እሱን ካጠፋችሁት የኔ ሰው ይጠፋል...

«ኧረ እናታችን!» ሳቀ። «ማኅበሩ እኮ በመዝገብ ቤቱ ጥራት ያለው ቅጂ አለው። ጸሐፊዬ ትናንት አግኝታዋለች። መድረኩ ላይ እናሰማዋለን፤ ከዚያ አንዱን ለርስዎ እናበረክታለን። በሳጥን።»

ተቀመጥኩ።

ጥራት ያለው። ያለ ዶሮ! ያቺ ድምፅ ንጹሕ ሆና... ከነሳቁ።

«ስንት ሰዓት ልምጣ?» አልኩ።

የካቲት 2

ሜሞሪ ይህን ሲሰማ ወረንጦውን አስቀመጠ።

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ እትዬ። እርስዎ ተረፉ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ምንም። የቀረነው እንሰረዛለን፤ አይጨነቁ። ትናንት አንዲት ሴትዮ አሁን የሞተ ልጇ አንድ ዓመት ሲሞላው የተቀረጸ ቪዲዮ አምጥታ ነበር። ከጀርባው የሰው ዘፈን ይሰማል። አዋጁ ሲወጣ ሰርዘው ይሉኛል። እሷንም ወደ ማኅበሩ እልካታለሁ፤ በሳጥን ይሰጧታል።»

ተናደድኩበት። የተናደድኩት ልክ ስለሆነ ነው። ማታ ስሰፋ ሁለቴ ጣቴን ወጋሁ። ቀሚሱ አመድ መሳይ ነው፤ ክርኑ ላይ የሐሰት መጣፊያ አኖርኩበት። ለድህነት እንዲህ ተለፍቶ አያውቅም።

የካቲት 5

ሁሉንም እጽፈዋለሁ። አንድም እንዳይጠፋ።

አዳራሹ ትልቅ፣ ወንበሩ ቀይ፣ ማይክራፎኑ እንደ ፈላ ማንቆርቆሪያ ይጮኻል። ከፊት የኮሚቴው ሰብሳቢ፤ ጸጉሯን አጥብቃ ያሠረች፣ ሰው ሲናገር እስክሪብቶዋን የምታሽከረክር ሴትዮ። ልጄ ከመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ጋር ኋላ ተቀምጣለች። ሜሞሪ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ሱቅ ዘግቶ መጥቷል።

ሊቀመንበሩ ረጅም ንግግር አደረገ። «ይህቺ እናት ተዘርፋለች! መጣፊያዋን እዩ!» ሰው ሁሉ መጣፊያዬን አየ። ጥሩ ስፌት ነው፤ አላፈርኩበትም።

«የተዘረፈውን ሥራ አሁን ከማኅበሩ መዝገብ ቤት እናሰማችኋለን።»

ጀመረ።

ድምፄ... ሃያ ስምንት ዓመቴ አዳራሹን ሞላው። ዓይኔን ጨፈንኩ። የመጀመሪያው ስንኝ አለፈ። ሁለተኛው። ያቺ ድምፅ እየቀረበች ነው፤ ልቤ እንደ ስፌት መኪና ይረግጣል። አሁን... አሁን ንጹሕ ሆና ትመጣለች... አንድ ዓይኔን ገለጥ አደረግኩ።

ሰብሳቢዋ እስክሪብቶዋን ማሽከርከር አቁማለች። ጣቷን ከጠረጴዛው ከፍ አድርጋ ይዛለች። ከጎኗ ያለው አዛውንት ከንፈሩን ሰብስቦ ጣሪያ ያያል። የበሩ ጥበቃ ለጓደኛው ጠቀሰ። መላው አዳራሽ የሆነ ነገር ይጠብቃል። ምንድነው የሚጠብቁት?

ኩኩሉሉ!

የሰብሳቢዋ ጣት ልክ በዚያች ቅጽበት ወረደ።

ከዚያ... ይህን ሳልሞት መጻፌ ጥሩ ነው... ግማሹ አዳራሽ ከሴትየዋ ጋር ባንድ አፍ «እሽ! ሂድ ከዚህ!» አለ።

ሳክስፎኑ ገባ። የኔ ሰው ሳቀ። አዳራሹም ሳቀ። ሠላሳ አንድ ዓመት ብቻውን ሲስቅ የኖረ ሰው፣ ዛሬ አጃቢ አገኘ።

ሊቀመንበሩ «የቴክኒክ ችግር ነው! የቴክኒክ!» እያለ ይጮኻል።

ሰብሳቢዋ ፊቷን ሰብስባ፣ «ይህ ቅጂ ከየት ነው የተገኘው?» አለች።

«ከማኅበሩ መዝገብ ቤት፣ ክብርት ሰብሳቢ።»

«ማኅበሩ ዶሮ ያረባል?»

ጸሐፊዋ ከጎኑ ሆና ጆሮው ውስጥ ሹክ ስትለው ማይክራፎኑ ክፍት ነበር። «የመጀመሪያውን ደቂቃ ብቻ ነው የሰማሁት ጋሼ፤ በቀደም ከኢንተርኔት ነው ያወረድኩት...»

ተራዬ ደረሰ። ያጻፉኝ ወረቀት «እኔ ተዘርፌያለሁ» ብሎ ይጀምራል። አጠፍኩት።

«ሌባዋ እኔ ነኝ» አልኩ። «የራሴን ዘፈን ሦስት ጊዜ አውርጃለሁ። የመብቱ ባለቤት ላዩ ላይ ሠርግ ቀድቶበታል። ያተረፈልኝ ሌባ ነው፤ ከነዶሮው። ማኅበሩም ሊያስመሰክረኝ ሲፈልግ ከዚያው ሌባ ነው የተበደረው። እናንተም... አልጠይቅም። ዶሮው ሳይጮህ ጩኸቱን የጠበቀ ሰው ዘፈኑን ከየት እንደሰማው ራሱ ያውቃል። ዘፋኝ ይከፈለው፤ ደግ ነው፤ እኔም ቢከፈለኝ አልጠላም። ግን ወረቀት የሌለው ሁሉ ይሰረዝ ካላችሁ፣ ወረቀቱን የያዘው ሰው ገንዳ ነው የሚሸጠው። ዘፈኑ እሱ ጋ የለም። ያለው እናንተ ኪስ ውስጥ ነው። ባሌም እዚያው ነው ያለው። እባካችሁ አትሰርዙት።»

መጨረሻዋን ስናገር ድምፄ ተሰበረ። አልፈልግም ነበር። ለነገሩ ድምፅ የሚሰበረው ሳይጠየቅ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ በጣቷ እየቆጠረች ሄደች። ከዚያ፣ «እማዬ፣ ሦስት ጊዜ አልሽ። መዝገቤ ላይ ሁለት ነው ያለው።»

«አዳራሹ ውስጥ ሁለት ማለት አፌ ላይ አልጣፈጠኝም።»

«ምክር ቤት ፊት ዋሸሽ!»

«ነገ አወርድና እውነት አደርገዋለሁ።»

ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ግን ይዛኝ ሄደች።

የካቲት 6

አወረድኩ። ቃል ቃል ነው።

የካቲት 12

ጋዜጣው፦ ረቂቁ «ለተጨማሪ ጥናት» ወደ አመንጪው ተመልሷል። የመሰረዙ አንቀጽ «በአዲስ መልክ እንዲታይ»፣ የመስመር መቁረጡ «ከኅብረተሰቡ ነባራዊ ሁኔታ ጋር እንዲጣጣም»። ነባራዊው ሁኔታ ዶሮው ነው።

ሊቀመንበሩ መግለጫ ሰጥቷል፤ ማኅበሩ አዋጁን ከጅምሩ በጥርጣሬ ነበር ያየው። እኔን «አንጋፋዋ ታጋይ» ብሎኛል። ከአርቲስትነት አወረደኝ ወይስ አሳደገኝ?

ልጄ ሦስተኛውን ማስጠንቀቂያ ይዛ ገባች። ታትሟል። የፊርማው ቦታ ባዶ ነው።

«አልፈርምም አልኩ።»

«ምን አሉሽ? አባረሩሽ?»

«ሌላ የሚፈርም ሰው ፈለጉ። አለቃችን 'ስልኩ ላይ ይሄ ዘፈን የሌለበት ሰው ይፈርም' አለ። ክፍሉን በሙሉ ዞሩ።»

«እና?»

«እና የማስጠንቀቂያ ክፍሉ ተዘጋ። ከሰኞ ጀምሮ ደንበኞች አገልግሎት ነኝ።»

ወረቀቱን ለኮሌታ ልክ አደረግኩት። እንደ በፊቶቹ ወፍራም ነው። አንድ ክስ ብቻ ቢጨምሩልኝ ሙሉ ሸሚዝ ይወጣው ነበር።

የካቲት 19

ሜሞሪ እየሮጠ መጣ። ሱቁ ድኗል፤ ሰው ቁም ሳጥኑን ሞልቶ ተሰልፏል፤ ሁሉም ዶሮውን ጫንልኝ ይላል። እሱ ግን ለኔ ሌላ ነገር ነው ያመጣው።

«ፕሮግራሙ ሠራ፣ እትዬ! ዶሮው ወጣ። ሴትየዋም ወጣች። እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ሰማኸው?»

እግሩን አየ። «እ... እርስዎ ይስሙት።» ሄደ። ሻይ እንኳን አልጠጣም።

አሥር ሰዓት ድረስ ጠበቅኩ። መኪናዬን ከደንኩ። በሩን ዘጋሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቅኳት ድምፅ...

ከቃናው ወጥቻለሁ።

ትንሽ አይደለም። ከቤት ወጥቼ፣ መንገድ ተሻግሬ፣ ሰው ቤት ገብቻለሁ። ያቺ ረጅም፣ ያቺ የምኮራባት... ደጋግሜ ሰማሁ። አራት ጊዜ። አይሻሻልም።

ወዲያው ከሥሯ ሳክስፎኑ ይገባል። ይስቃል።

«ደስ ብሎኝ።»

አንተ ሽማግሌ! አንተ ውሸታም! ሃያ አምስት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተህ...

የካቲት 21

አንዲት ሴትዮ መጣች። በኔ ዕድሜ ትሆናለች። ቀሚስ የምታሰፋ መስሎኝ ሜትሬን አንሥቼ ነበር። አልተቀመጠችም። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ደፉ ላይ ቆመች።

«እኔ ነኝ የሰረቅኩዎት» አለች።

«ምኔን?»

«ዘፈኑን። ያኔ ከሬዲዮ ቀዳሁት። በኋላም ኢንተርኔት ላይ የለቀቅኩት እኔ ነኝ። ምክር ቤት ሲናገሩ በቴሌቪዥን አየሁ። ዶሮው... የኛ ነው።»

ወንበር ሳብኩላት። ስንት ዓመት የሰደብኩት ሰው ደጄ ላይ ቆሞ ማየት ደስ አይልም። ሻይ ቀዳሁ።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ደግሞም ልለምንዎት። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲያወራ ሰማሁ፤ ዶሮውን ሊያስወጡት ነው አሉ። ንጹሑ ከወጣ የድሮውን ማንም አይሰማው። እዚያ ላይ 'እሽ' የምትለው...»

ስኒውን አስቀመጠች።

«እናቴ ናት። በዚያው ዓመት ነው የሞተችው። ፎቶ አላት፤ ድምፅ የላትም። ሌላ የትም የለችም።»

እኔ ባሌን በእሷ ቴፕ ውስጥ ሸሽጌ፣ እሷ እናቷን በኔ ዘፈን ውስጥ ሸሽጋ... ሁለት ሌቦች አንድ ዕቃ ላይ ተገናኘን።

በታላቅ ክብር ተነሣሁ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «እኅቴ» አልኩ፣ «የሙያ ክብሬ ቢነካም፣ ለእናትሽ ስል፣ ዶሮው ባለበት ይቆያል።»

አለቀሰች። እጄን ሳመች። እኔም እጄን አስቀድሜ ዘርግቼላት ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ያለ ልበ ሰፊ ሰው አይቼ አላውቅም» አለች።

እኔም አላየሁም።

የካቲት 22

ሁለት ቀሚስ። አንድ ካፖርት፤ የሊቀመንበሩ ነው፣ ወገቡ ይስፋልኝ ብሏል። የጎረቤት መጋረጃ አለቀ።

ጠዋት ሜሞሪ ጋ ተሻገርኩ። ንጹሑን ቅጂ ከሱ ኮምፒውተር ላይ አሰረዝኩት። ከቆሻሻ መጣያውም ውስጥ ሳይቀር። ከዚያ ከኔ ስልክ ላይ ራሴ ሰረዝኩት። ያ የመሰረዝ አንቀጽ ባገሪቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ሥራ ላይ ዋለ፤ ያዋልኩትም እኔ ነኝ።

«ከሰማኸው...» አልኩት ሜሞሪን።

«ምኑን ሰማሁ፣ እትዬ? እኔ ዶሮ ብቻ ነው የማውቀው።»

ጨዋ ሰው ነው። ስሙን እጠይቀዋለሁ አንድ ቀን።

ቤት ገብቼ ስነካካ ዶሮውንም አብሬ አጥፍቼው ኖሯል። ደግሜ አወረድኩ። ልጄ ከጓዳ ሆና ሰማችኝ፤ «እማዬ! አራተኛ?»

«ደንበኞች አገልግሎት አይደለሽ እንዴ? አገልግዪኝ። ወንበር ይዘሽ ነይ።»

አጠገቤ ተቀመጠች። አሥር ሰዓት ሆኗል፤ በሰዓቱ መጣ። እኔ ወጣሁ፣ ወጣሁ፣ ወደዚያች ድምፅ... ዶሮው ደረሰልኝ። የዚያች ሴትዮ እናት «እሽ! ሂድ ከዚህ!» አለችው። አልሄደም። ጎበዝ።

ከዚያ የኔ ሰው ሳቀ።

ዛሬ አብሬው ሳቅኩ። ልጄ፣ «ምንድነው የሚያስቅሽ?» አለችኝ።

«ደስ ብሎኝ» አልኳት።